ማኅተም አለው ወይ?

አያቴን ማንበብ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ ብዬ ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ሳወራ ኖሬያለሁ። ለባሌ ገና ሳንጋባ ነግሬዋለሁ። ለመጀመሪያ ሥራዬ ኢንተርቪው ስገባ፣ በሕይወትሽ የምትኮሪበት ነገር ምንድነው ሲሉኝ ያልኩት ይህንኑ ነው፤ ጠያቂዋ ሴትዮ ዓይኗ እንባ ሞላ፣ ሥራውንም አገኘሁ። ዘንድሮ በሚያዝያ፣ በእናቴ ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ ለልጄ ለኑሃሚን ያንኑ ወሬ ስጀምርላት ግን እናቴ «ኤዶም፣ በቃ» አለችኝ። ተቆጥታ አልነበረም። የደከመው ሰው ድምፅ ነበር።

ምን እንደነገረችኝ እደርስበታለሁ። መጀመሪያ ያኔ እንዳየሁት ልናገር፤ ያየሁት ሁሉ ልክ ነበር፣ የገባኝ ነገር ግን አልነበረም።

አባባ የሺዋስ የእናቴ አባት ናቸው። ሴት አያቴ ካረፉ በኋላ ብቻቸውን እንዳይቀሩ ብላ እናቴ ስፖንሰር አድርጋ አመጣቻቸውና እ.ኤ.አ. በ2000 ኅዳር ላይ ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ፣ ታራዴል ሰፈር ካለው ቤታችን ገቡ። እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቤት ውስጥ እንኳ ኮፍያቸውን የማያወልቁ ሰው ነበሩ። አባቴ ኤርፖርት ሻንጣ ይጭናል፤ እናቴ ነርሲንግ ሆም የሌሊት ሺፍት ትሠራና ቀን ትተኛለች፤ ስለዚህ ከትምህርት ቤት ስመለስ በር የሚከፍቱልኝ አባባ ነበሩ። የኔ አማርኛ ግማሹ እንግሊዝኛ፣ የሳቸው እንግሊዝኛ «ታንክዩ» ብቻ። ቢሆንም እንግባባለን።

ማንበብ እንደማይችሉ በመጀመሪያው ሳምንት ደረስኩበት። የመድኃኒታቸውን ጠርሙስ እናቴ ካላየችላቸው አይነኩም። አገር ቤት ካለችው እኅታቸው በአማርኛ የተጻፈ ደብዳቤ ሲመጣ፣ ፖስታውን ሳይከፍቱ ደረት ኪሳቸው ይከቱትና እናቴ ከእንቅልፏ እስክትነሳ ይጠብቃሉ። ጠዋት ጠዋት የሚጸልዩበት፣ ማኅደሩ ያለቀ ትንሽ ዳዊት ነበራቸው፤ እሱንም ጭናቸው ላይ አኑረው፣ እጃቸውን ከላዩ ጭነው፣ እኔ ወጥ ቤት ካለሁ ሳይከፍቱት ነው የሚደግሙት። እኛ ክፍል ጆኒ የሚባል ልጅ ነበር፤ የማንበብ ተራው ሲደርስ ሁልጊዜ ሽንት ቤት ያስፈቅዳል። አባባም እንደ ጆኒ ናቸው አልኩ። አፍረው ነው እንጂ ማን መጽሐፍ ዘግቶ ያነባል?

ከሁሉ የሚገርመኝ ደግሞ የፍላየሩ ነገር ነበር። በየበሩ የማስታወቂያ ወረቀት እየጣሉ የሚሄዱ ሰዎች ነበሩ። አባባ ደጃፍ በረዶ ላይ የወደቀ ወረቀት ካዩ ዝም ብለው አያልፉም። ጫፉን በሁለት ጣት ይዘው ያነሱትና ለእኔ ያቀብሉኛል።

«ምን ይላል?»

«ፒዛ ነው፣ አባባ። አንድ ሲገዙ ሌላው ፍሪ ነው።»

«ምን አድርጉ ነው የሚለው?»

አየሁት። «ግቡ ነው የሚለው። ዛሬውኑ ግቡ።»

«ማኅተም አለው ወይ?»

ማኅተም ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። በጣታቸው መዳፌ ላይ ክብ ሠርተው አሳዩኝ። የፒዛ ቤቱን ክብ ሎጎ ፈልጌ አገኘሁላቸውና «አለው» አልኳቸው።

«እንግዲያው ይቅርባችሁ» አሉ።

ቅዳሜ አባቴ ፒዛ ልዘዝ ብሎ ስልኩን ሲያነሳ «ዳዲ፣ አባባ ማኅተም አለው፣ ይቅርባችሁ ብለዋል» አልኩት። አባቴ እስኪያስለው ሳቀ። እናቴ አልሳቀችም። ፍላየሩን ከእጄ ወስዳ ቆሻሻ ውስጥ ጣለችና ፊቷን ወደ መታጠቢያው አዞረች።

አውሮፕላንም ይወዳሉ ብዬ ነበር። ታራዴል ለኤርፖርቱ ቅርብ ስለሆነ አንዳንድ ቀን አውሮፕላኖቹ ጎማቸው እስኪታይ ዝቅ ብለው ያልፋሉ። አባባ ድምፁን ሲሰሙ ሻያቸውን አስቀምጠው ወደ ጓሮ ይወጣሉ። ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ በረዶው መሃል ቆመው፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው እስኪያልፍ ያያሉ። ካለፈም በኋላ አይገቡም፤ አውሮፕላኑ ያለፈበትን ባዶ ሰማይ ትንሽ ይጠብቁታል። አባቴ እዚያ ስለሚሠራ ነው ብዬ አንድ ቀን አብሬያቸው ወጣሁ።

«አባባ፣ ሻንጣውን የሚያወርደው ዳዲ ነው» አልኳቸው።

«ከላይ ነው የሚጥሉት?»

«ኖ፣ አባባ። መጀመሪያ መሬት ያርፋል። ከዚያ በር ከፍተው በመኪና ያወርዱታል።»

«ምንም አይጥሉም?»

«ምንም።»

«ደግ» አሉ። ራሴን ዳበስ አድርገውኝ ገቡ። እኔም አውሮፕላን እንዴት እንደሚሠራ ስላስተማርኳቸው ደስ አለኝ። ይህን ካወቅኩ ፊደልም አያቅተኝም አልኩ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያናችን በተከራየችው አዳራሽ ምድር ቤት ውስጥ የአማርኛ ትምህርት ነበረን። አስተማሪያችን ጋሼ ዘነበ፣ በሳምንቱ ቀናት መኪና የሚጠግኑ፣ ጥፍራቸው ውስጥ ዘይት የማይጠፋ፣ ድምፃቸው ከፍ ያለ ሰው ናቸው። እዚያ የተማርኩትን ሰኞ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ለአባባ አስተምራለሁ።

«ይቺ ማናት፣ አባባ?»

ወረቀቱን ራቅ አድርገው ያዩታል። «በር ትመስላለች።»

«በ ናት። በሉ፣ በ።»

«በ።»

«ጎበዝ።»

ከትምህርት ቤት ያመጣሁት የወርቅ ቀለም ያለው የኮከብ ስቲከር ነበረኝ። ጎበዝ ባልኳቸው ቁጥር አንዱን ልጬ ካፖርታቸው ደረት ላይ እለጥፍላቸዋለሁ። አያነሱትም። ቤተ ክርስቲያን በሦስት ኮከብ ሄደው ሰው ሁሉ ሲያያቸው፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው ቆመው ነበር። የእናቴ ጓደኛ እትዬ ምሥራች «አባባ፣ ይሄ ምንድነው?» ስትላቸው «አስተማሪዬ ሸልማኝ ነው» አሏት። ያን ቀን የተሰማኝን ኩራት ከዚያ ወዲህ ዲግሪ ስይዝም አልተሰማኝም።

ዛሬ ሳስበው አንድ ነገር ይከነክነኛል። አባባ የሚሳሳቱት እኔ ጠንቅቄ የማውቀውን ፊደል ብቻ ነበር። እኔ ራሴ ያልያዝኩት ፊደል ላይ ስንደርስ አይገምቱም፣ አይሳሳቱም፤ ጣታቸውን ከፊደሉ ሥር አኑረው ዝም ይላሉ። እኔ አንዴ ሞክሬ፣ ሁለቴ ሞክሬ፣ ትክክሉን ስናገር ያኔ ጣታቸው ወደሚቀጥለው ያልፋል። በአራት ወር ከጋሼ ዘነበ ክፍል አንደኛ ወጣሁ። በራሴ ጉብዝና መስሎኝ ነበር።

ሚያዝያ ሲመጣ ጋሼ ዘነበ ለአርበኞች ቀን ትያትር ጻፉልን። የአርበኞቹን አለቃ የሚሠራው ሊዮን ነው፤ የኔ እኩያ፣ ፊቱ ክብ፣ ከጥጥ የተሠራ ጢም የሚለጠፍለት፣ ጠመንጃው የሆኪ ዱላ። የጣሊያን መልእክተኛ ወንጌል ናት። እኔ ደግሞ ከክፍሉ አንደኛ ስለሆንኩ የአርበኞቹ ጸሐፊ ሆንኩ። ወንጌል የጣሊያንን ወረቀት ታመጣለች፣ እኔ ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ ሊዮን ከእጄ ነጥቆ ይቀደዋል፣ «አንገባም!» ይላል፣ ሕዝቡ ያጨበጭባል። ያ ነው ትያትሩ። በጋሼ ዘነበ ትያትር ውስጥ የጣሊያንን ወረቀት አምኖ የገባ ሰው አልነበረም።

ወረቀቱን እውነተኛ እንዲመስል ብለው ከአንድ አሮጌ መጽሐፍ ፎቶኮፒ አድርገው ነበር ያመጡት። ከላይ ክብ ማኅተም አለው። ግርጌው ማሽኑ አበላሽቶት ጥቁር ሆኗል፤ የሚነበበው ከላይ ያለው ብቻ ነው። ለልምምድ አንድ፣ ለቀኑ አንድ ብለው ሁለት ቅጂ ሰጡኝ። ቤት ይዤው ሄድኩና ወጥ ቤት ቆሜ ጀመርኩ።

«በዱር በገደል ያላችሁ ሁሉ ስሙ። መንግሥት ምሕረት አድርጓል። ጠመንጃውን ይዞ የገባ...»

አባባ ሻያቸውን አስቀመጡ። ተነስተው የጓሮውን በር ከፍተው ወጡ። አውሮፕላን አልነበረም። በሚቀጥለውም ቀን ማንበብ ስጀምር ወጡ፣ ከዚያም በሚቀጥለው። እኔ በልጅነቴ ቀናተኛ ስለነበርኩ ሰውን ሁሉ ቀናተኛ አደርግ ነበር፤ ትያትሩ ላይ ስላልገቡ ቀንተው ነው አልኩ። አራተኛው ቀን ላይ «ጠመንጃውን ይዞ የገባ ይመራል» ብዬ ሳነብ፣ ከበሩ ወዲያ፣ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ እንደቆሙ፣

«ይማራል ነው» አሉ።

«ኸ?»

«ይማራል ነው የሚለው። ይማራል።» ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር።

ደጋግሜ ሳነብ ሰምተው በቃላቸው ይዘውት ነው ብዬ፣ እዚያው በረንዳ ድረስ ሄጄ አንድ ኮከብ ለጠፍኩላቸው።

የበዓሉ ዕለት በረዶ ጣለ። ካልጋሪ በሜይ ወር በረዶ ቢጥል የሚገርመው ሰው የለም፤ አዳራሹ በእርጥብ ካፖርትና በበርበሬ ሽታ ታፍኗል። ሁለት መቶ ሰው ይሆናል። አባባ በሽማግሌነታቸው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፣ እናቴ አጠገባቸው። ልጆች ፎከሩ፣ ተሸለለ፣ ወንጌል በወረቀት የተሠራ ቆቧን ደፍታ መጥታ ወረቀቱን ሰጠችኝ።

«በዱር በገደል ያላችሁ ሁሉ ስሙ» ብዬ አነበብኩ። «መንግሥት ምሕረት አድርጓል።»

ከዚያ ፊደሎቹ ጠፉብኝ። ወረቀቱ ላይ አሉ፤ አያቸዋለሁ፤ ግን አንዱንም አላውቀውም። መቶ ጊዜ ያነበብኩትን ነው። ሊዮን በጥጥ ጢሙ ውስጥ «ጠመንጃ፣ ጠመንጃ» ይለኛል፤ አልሰማሁትም። ከኋላ ሁለት ልጆች ሳቁ። ጋሼ ዘነበ ከመጋረጃው ጎን እጃቸውን ያወዛውዛሉ። እንባዬ መጣ፤ እዚያው መድረኩ ላይ፣ በሁለት መቶ ሰው ፊት። ወደ አባባ አየሁ። ለምን ወደ እናቴ እንዳላየሁ አላውቅም።

ተነሱ። እናቴ የካፖርታቸውን እጅጌ ይዛ ነበር፤ ቀስ ብለው አስለቀቋት። የመድረኩን ሦስት ደረጃ አንድ በአንድ ወጡ። ወረቀቱን ከእጄ ተቀበሉኝ፣ ሌላውን እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አኖሩ፣ አነበቡም።

የሽማግሌ ድምፅ አልነበረም። የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ፊደል ሲቆጥር እንደሚያዜመው ዓይነት፣ ቀጭን፣ ጥርት ያለ ድምፅ ነበር። «ጠመንጃውን ይዞ የገባ ይማራል። ቤቱ አይቃጠልም። ርስቱ አይነካም።» ወረቀቱን አያዩትም። የሚያዩት ሊዮንን ነበር። ፎቶኮፒው የጠቆረበት ቦታ ሲደርሱም አላቆሙም። «ሚስቱና ልጆቹ በሰላም ይጠብቁታል። ይህን ያልነው በማኅተማችን ነው።» እኔ ከሥር ሆኜ ወረቀቱን አያለሁ፤ እዚያ ላይ ጥቁር ብቻ ነው ያለው። እኔን ከሐፍረት ለማዳን ከራሳቸው እየፈጠሩ መሰለኝና በሆዴ አመሰገንኳቸው።

አሁን ሊዮን መቅደድ አለበት። እጁን ዘረጋ። አባባ ወረቀቱን አልሰጡትም። ጎንበስ ብለው ፊታቸውን ወደ ጥጥ ጢሙ አስጠጉና፣

«አባዬ፣ አትግባ» አሉት።

ሊዮን ዞሮ ጋሼ ዘነበን አየ። እንዲህ የሚል ቦታ ትያትሩ ውስጥ የለም።

«ማልልኝ። አልገባም በለኝ።»

ልጁ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ስለነበር እሱኑ ተናገረ። የሆኪ ዱላውን ከፍ አድርጎ «አንገባም!» አለ፣ በሙሉ ድምፁ።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። እልል ተባለ። ሰው ተነስቶ ቆመ። አባባ የሊዮንን እጅ ይዘው መድረኩ ጫፍ ላይ ቁጭ አሉና አለቀሱ። ድምፅ የለውም፣ ትከሻቸው ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው። ጋሼ ዘነበ ማይኩን ይዘው «የአርበኛ ልጅ አርበኛ!» ብለው ጮኹ፤ ጭብጨባው ባሰ። እኔም አንድ ሰው አልተወኝም፤ አያቴ ናቸው፣ ማንበብ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ፣ ከደስታ ብዛት ነው የሚያለቅሱት እያልኩ ለያንዳንዱ ነገርኩ። ሴቶቹ ጉንጬን ሳሙኝ። እናቴ ብቻ አልሳመችኝም። አባቷን ደግፋ ካፖርታቸውን ታለብሳለች።

ማታውኑ ወረቀቱን ፍሪጅ ላይ ለጠፍኩት። ከላይ በማግኔት ያዝኩት፤ ማኅተሙ አጠገብ የቀረኝን ትልቁን ኮከብ ለጥፌ በማርከር «ጎበዝ አባባ» ብዬ ጻፍኩበት። እዚያው ቀረ። አንድ ዓመት ከመንፈቅ።

ከዚያ በኋላ አባባ ትምህርቱን ተዉት። በቃኝ፣ ተመረቅሁ አሉኝ። ጠዋት ሻያቸውን የሚጠጡበትን ወንበር ወደ መስኮቱ አዞሩት፤ አውሮፕላን ለማየት እንዲመቻቸው ነው ብዬ መጋረጃውን እስከ ጥግ እከፍትላቸው ነበር። ወንበሩ ሲዞር ፍሪጁ ከጀርባቸው እንደሚሆን ያሰብኩት ካረፉ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቼ ነው። ያረፉት እ.ኤ.አ. በ2002 ኅዳር ላይ፣ አንዳንዴ በብርዱ ወራት መሃል የሚነፍሰው ሞቃት ነፋስ መጥቶ በረዶውን በአንድ ቀን ባቀለጠበት ሳምንት ነው። ካፖርታቸውን ሳንሰጥ ያስቀረነው እኔ ኮከቦቹን አላስነሳ ብዬ ነው።

አሁን ወደ ዘንድሮው ሚያዝያ ልመለስ። እኔ የምኖረው ኮርነርስቶን ነው፤ ከእናቴ ቤት በመኪና አሥር ደቂቃ። ኑሃሚን ስምንት ዓመቷ ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ ትማራለች። ጋሼ ዘነበ አርጅተዋል፣ ትያትራቸው ግን አላረጀም። ከክፍል ይዛው የመጣችው ወረቀት የዚያው ፎቶኮፒ ፎቶኮፒ ነው፤ ጥቁሩ ወደ ላይ ወጥቶ ግማሹን በልቶታል። «ማሚ፣ ይሄን አስጠኚኝ» አለችኝ። እኔም እናቴ ፊት ወሬዬን ጀመርኩ፤ ቅድመ አያትሽን ማንበብ ያስተማርኳቸው እኮ እኔ ነኝ አልኳት። ያኔ ነው እናቴ በቃ ያለችኝ። ኑሃሚንን ታች ወርዳ ቲቪ እንድታይ ላከቻትና ከፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«አባዬ በስምንት ዓመታቸው ዳዊት ደግመዋል» አለችኝ። «ጽሕፈታቸውን ብታዪ የቁም ጸሐፊ ነው የሚመስለው። ላንቺ ብለው ነው ፊደል የቆጠሩት። ለሰው ግን አያነቡም ነበር። ለኔም አንብበውልኝ አያውቁም። ለምን እንደሆነ እኔም እስከዚያ ትያትር ድረስ አላውቅም፤ ብቻ ወረቀት አታስነብቧቸው ትለን ነበር እማዬ።»

ከዚያ ነገረችኝ። አንዳንዱን ፈጥና፣ አንዳንዱን እያቆመች።

አገራቸው ከጃማ ወንዝ ገደል አፋፍ ነው። አባታቸው ገብረመድኅን ጣሊያን ሲገባ ዱር ቤቴ ብለው አሥራ አንድ ሰው ይዘው ቆላ ወረዱ። ጣሊያን እነሱን ማግኘት ሲያቅተው መንደሩን አቃጠለ። ከብቱን ነዳ። የሸፈቱትን ሰዎች ሚስቶች እየሰበሰበ ግቢ ውስጥ አሰረና የአንዳንዶቹን ሬሳ መለሰ። አውሮፕላን በየጊዜው ትመጣለች፤ አንዳንድ ቀን የምትጥለው የሚያቃጥል ነው፣ አንዳንድ ቀን ወረቀት ነው። ድምፁ አንድ ስለሆነ እስክትጥል ድረስ የትኛው እንደሆነ አይታወቅም።

ወረቀቱ ማሽላው ውስጥ ሲወድቅ አባባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር። ቄሱ ተገድለዋል፤ በአካባቢው ማንበብ የሚችል እሳቸው ብቻ ቀርተዋል። እናታቸው እጃቸውን ይዛ ገደሉን ወረደች። አባት ልጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው አንብብልኝ አሉ። አንዴ አነበቡ። ድገመው። ሁለቴ። ሦስቴ።

«ማኅተም አለው ወይ?» አሉ አባት።

«አለው» አለ ልጅ።

በማግስቱ ገብረመድኅን አሥራ አንዱን ሰው ይዘው ገቡ። ጠመንጃቸውን ተቀበሏቸው፤ ስማቸውን በየተራ ጻፉ። ከሰዓት በኋላ ሕዝቡን ሰብስበው ገበያው ዳር አቁመው ረሸኗቸው። አባባ እዚያው ነበሩ፤ ወረቀቱ በእጃቸው ነበር። ሬሳ አልተሰጠም።

«‹አንድ ፊደል አልሳትኩም› አሉኝ አባዬ» አለች እናቴ። «‹ብስት ኖሮ ይጠራጠር ነበር። ብንተባተብ ኖሮ ጠርጥሮ ይቀር ነበር። እኔ ግን አጥርቼ አነበብኩለት› አሉኝ።»

ፊቴን በሁለት እጄ ሸፈንኩ። ይቅርባችሁ ያሉት ፒዛ መጣብኝ። ምንም አይጥሉም ወይ ብለው የጠየቁኝ መጣብኝ። እኔ ተንተባትቤ ስቆም፣ እኔን ከሁለት ልጆች ሳቅ ለማዳን ብለው፣ ስድሳ አራት ዓመት የዘጉትን አፍ ከፈቱ። ለኔ ሲሉ አባታቸውን ዳግመኛ አስገቡ፤ ከዚያ የጥጥ ጢም ያለውን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ለምነው አስቀሩ። እኔ ግን አዳራሹን እየዞርኩ ጉንጬን እሳም ነበር። በሕይወቴ እናቴ ይህን እንደነገረችኝ ቀን ራሴን ጠልቼ አላውቅም፤ ልጅ ነበርኩ ማለት ምንም አልረዳኝም።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አስማሉኝ። ‹ኩራቷን እንዳትነኪባት› አሉ። ዛሬ ደግሞ ለልጅሽ ስታወርሺያት ጊዜ... አልቻልኩም፣ ልጄ።»

ተነሳች። መኝታ ቤቷ ገብታ ያን ማኅደሩ ያለቀ ዳዊት ይዛ መጣች፣ ከውስጡም የታጠፈ ወረቀት አወጣች። ማኅተም፣ ኮከብ፣ የኔ ማርከር። የኮከቡ አንድ ጫፍ በስኮች ቴፕ ተይዟል። እኔ ቴፕ እንዳልተጠቀምኩ አስታውሳለሁ።

«እሺ፣ ይሄንስ? አንድ ዓመት ከመንፈቅ ፍሪጁ ላይ፣ ዓይናቸው ሥር!» ድምፄ ከፍ አለ። «ቢያንስ ማንሳት አይቻልም ነበር?»

«አንስቼዋለሁ» አለች እናቴ። «በማግስቱ ጠዋት። አንቺ ትምህርት ቤት ሄደሻል፣ እኔ ከሥራ መግባቴ ነው። አባዬ ጀርባቸውን ለፍሪጁ ሰጥተው ቆመው አየኋቸውና ጠየቅኋቸው፤ ያኔ ነው ሁሉንም የነገሩኝ። ወረቀቱን ገንጥዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት፤ ስገነጥለው ኮከቡ ጫፉ ተቀደደ። ከዚያ ተኛሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስነሳ ተመልሶ ተለጥፏል። ኮከቡን በቴፕ ጠግነውታል፣ ማግኔቱንም አስተካክለውታል። ‹አባዬ፣ ምነው?› አልኳቸው።»

ወረቀቱን በመዳፏ ጠረጴዛው ላይ አቃናችው።

«‹አሁን በባስ ትደርሳለች፤ ስትገባ ትፈልገዋለች› አሉኝ።»

እውነታቸውን ነው። ያን ቀን ከባስ ወርጄ እየሮጥኩ ገባሁ። በሩን የከፈቱልኝን አባባን ሰላም ሳልል፣ ጫማዬን ሳላወልቅ፣ ቀጥታ ወጥ ቤት ሄጄ ፍሪጁን አየሁ። ነበር።